የሐመልማል ምክትል

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብ የግል ጉዳይ መሆኗ ከቀረ ሰንብቷል። ብርዱ ግን የጥንቱ ነው። ከተማዋ ወደ ላይ ብታድግም፣ ፎቆቿ ጉሙን ቢበሱትም፣ ብርዱ ደረጃ ለመውጣት አልሰነፈም፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ የልጆች ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ጉሮሮ ይቆስላል፣ ቶንሲል ያብጣል፣ ትኩሳት መጥቶ ይሄዳል። ቤተሰብም «ተመስገን፣ ተሻላት» ብሎ ይረሳል። ልብ ግን አትረሳም።

የሊፍት ጠጋኙ የይርዳው ልጅ ሐመልማል ስምንተኛ ዓመቷን ስትይዝ የደረሰባት ይኸው ነው። ጉሮሮዋን ሁለት ሦስቴ አመማት፤ ዳማከሴ ተጨመቀላት፤ ዳነች ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረች። ሐኪም ቤት ወሰዷትና ምክንያቱ ታወቀ። ከልቧ በሮች አንዱ፣ ደሙን ወደፊት አሳልፎ ግጥም ማለት ያለበት በር፣ ጠባሳ አውጥቶ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። በየወሩ መርፌ እንድትወጋ፣ ተራዋ ሲደርስ በሩ ተሰፍቶ እንዲጠገንላት፣ እስከዚያው ድረስ ደግሞ «አድምጥ» እንድትለብስ ታዘዘ።

አድምጥ የኮት ቁልፍ የምታክል ነገር ናት። ከግራ ጡት ሥር ትለጠፋለች፤ ልብን ትሰማለች፤ የሰማችውን ለሐኪም ቤቱ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለቀጠናው የልብ ጤና ጽሕፈት ቤትና ለወላጅ ታቀብላለች። ልጆቹ ያወጡላት ስም «ጆሮ ጠቢ» ነው። ልብ ፈጠን ሲል ደግሞ ራሷ ትናገራለች፤ ዜና አንባቢ በመሰለ፣ ቁጣ በሌለበት የሴት ድምፅ፦

«ሐመልማል፣ ተቀመጪ።»

ሐመልማል ክፍል ውስጥ ጥያቄ ልትመልስ ስትነሣ፣ ተቀመጪ። ውሻ ሲያስደነግጣት፣ ተቀመጪ። የልደት ኬክ ሲመጣና ደስ ሲላት፣ ተቀመጪ። ውሎ አድሮ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚያስታውስ ጠፋ። «ተቀመጪ መጣች!» ይላሉ። «ተቀመጪ፣ እስቲ ላጲስሽን አውሺኝ።» ላጲሷን ታውሳለች። ትቀመጣለች።

እናቷ ዘነበች አፋር በረሃ ውስጥ ፖታሽ ማውጫ ላይ ትሠራለች፤ ወደ ቤት የምትመጣው ለዓመት በዓል ብቻ ነው። እንደ እሷ ርቀው ለሚሠሩ ወላጆች ከሐኪም ቤቱ አንዲት ትራስ ይሰጣቸዋል። ጆሮ ሲያርፍባት የልጅ ልብ ከውስጧ ይመታል። ዘነበች ያለዚያች ትራስ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ይርዳው ለፋሲካ የሚሆን ሙክት ቀደም ብሎ ገዛና በረንዳ ላይ አሰረ። የሕንፃው ደንብ በግ ይከለክላል፤ ደንቡን ያወጣው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ግን በረንዳው ላይ ሁለት አስሯል።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የፎቁ ሴቶች ልጆች ኮሪደሩ ላይ ሱዚ ዘርግተው ይዘላሉ። ሁለቱ ላስቲኩን በእግራቸው ወጥረው ይቆማሉ፣ ሦስተኛዋ ትዘላለች። ሐመልማል በሩን ከፈት አድርጋ ታያቸዋለች።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ።»

«ትጮሃለቻ።»

«አውልቅልኛ።»

«ወልቃ ከቆየችማ ለእናትሽም፣ ለትምህርት ቤትሽም፣ ለመንግሥትም ነው የምትደውለው። ሰው ሁሉ ሞተች ብሎ እየጮኸ ይመጣል።»

ሐመልማል አሰበች። «እሺ አንተ ልበሳታ።»

ይርዳው ሣቀ። ልጅቷ ግን አልሣቀችም፤ ስለዚህ ሸሚዙን ፈታ። አድምጥን ከእሷ ነቅሎ ከራሱ ጡት ሥር ለጠፋት። ለአፍታ ጸጥ አለ።

«ይህ ልብ የሐመልማል አይደለም» አለች አድምጥ። «ይህ ልብ የጎልማሳ ወንድ ነው። ጨው ይቀንስ።»

ይሄኔ ሐመልማል ሣቀች። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች። በሣቋ መካከል ተቀመጪ የሚላት አልነበረም። ይርዳው የልጁን ሣቅ እስከ መጨረሻው ሲሰማ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያሳሳተውም ያ ሣቅ ነው። ክፉ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ በነቃ ነበር። የመጣው ግን ደስታ መስሎ ነው።

«ምክትል እንፈልግላት» አለ፤ ዐይኑም በረንዳው ላይ አረፈ።

የበጉን ብብት በጢም መላጫው ላጨለት። ሐመልማል ቀንዱን ይዛ «አይዞህ፣ አያምም፣ እኔም ለምጄው ነው» ትለዋለች። አድምጥ ተለጠፈች። ጸጥታው የመጀመሪያውን ያህል አልረዘመም።

«ሐመልማል፣ እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነሽ።»

አባትየው ላይ ነቅታ በጉን ለምን እንዳሳለፈችው ይርዳው አልጠየቀም። ደስታ ደጅ ላይ ሲቆም መታወቂያ የሚጠይቀው ማን ነው? ልጅቷ ኮሪደሩን በሩጫ ያዘችው። ዘለለች። ከንፈሯ ጠቆር ሲል ማንም ሳያዛት ግድግዳ ተደግፋ አረፈች፤ ትንፋሿ ሲመለስ ደግሞ ዘለለች። በጉ በረንዳ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ምክትል ሆነ።

የታሰበው አንድ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜው እሑድን ጠራ፣ እሑድ ደግሞ ሰኞን። ይርዳው ከአሮጌ ኮቱ ቁልፍ ቆርጦ የልጁ ደረት ላይ በፕላስተር ለጠፈ፤ በትምህርት ቤት ልዩነቱን ያስተዋለ የለም። አድምጥ ጸጥ ካለች ልጅ ደህና ናት፤ ልጅ ደህና ከሆነች ማን ቀና ብሎ ያያል?

መልእክቱም ይጎርፍ ጀመር። «ልጅዎ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስታኝክ ውላለች፤ የምግብ ፍላጎቷ አስደሳች ነው።» «ልጅዎ ከጭንቀት ርቃለች።» መጀመሪያ መጀመሪያ አባትና ልጅ እያነበቡ ይንከተከቱ ነበር። ሣምንታት ሲያልፉ ግን ይርዳውን አንድ እንግዳ ነገር ያዘው፤ የሚያነበውን ማመን ጀመረ። አድምጥን በጉ ላይ የለጠፈው በገዛ እጁ ነው፤ ያውቃል። ሆኖም ጠዋት ጠዋት «ሐመልማል እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናት» የሚለውን ሲያነብ ትከሻው ቀለል ይለዋል፤ ወደ ሥራውም እያፏጨ ይሄዳል።

ዘነበች ከበረሃ ደወለች።

«ይርዳው፣ ልቧ እኮ ሌላ ሆነች! ያ ሽው… ሽው የሚለው ነገር ጠፍቷል። ዱብ ዱብ ብቻ ነው። ይሰማኛል እኮ!»

እውነቱ የይርዳው አፍ ላይ ነበር፤ ውሸቱ ግን ቀደመው።

«ጸሎትሽ ነው» አላት።

በደብረ ዘይት እሑድ የሕንፃው አዳራሽ ተሞላ። የቀጠናው የልብ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ናሆም፣ ጫማው የሚያበራ ወጣት፣ «የዘመኑ አርአያ አባት» የሚል ጥብጣብ ይርዳው አንገት ላይ አጠለቀ። ልጆቻቸው የልብ ሕመም ያለባቸው ወላጆች ከፊት ተቀምጠዋል።

«አቶ ይርዳው፣ ምስጢሩን ያካፍሉን» አለ አቶ ናሆም። «የልጅዎ ልብ በቀጠናው አንደኛ ሆኗል። ምን አደረጉ?»

ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ውሸት መናገር አልፈለገም፤ ስለ በጉ እውነቱን ተናገረ። «ምንም የለውም… ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች። ሰው የማይጮህበት ቦታ ነው የምትውለው። ማንም አያስቸኩላትም። ገብስ ትወዳለች።»

ወላጆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ጽጌማርያም የምትባል፣ ከንፈሩ ወይን ጠጅ የመሰለ ልጅ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት፣ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ገብሱ ቆሎ ነው በሶ?»

«እንዲያው… ጥሬውን ነው የምትወደው።»

«ጥሬውን!» አለች ሴትየዋ በመደነቅ፤ ልጇንም ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። ይርዳው ዐይኖቹን ከእሷ ላይ አነሣ። ወደ ጣሪያው ተመለከተ።

«እንግዲህ ብሥራቱን እኔ ልናገር» አለ አቶ ናሆም። «ከዛሬ ጀምሮ የሐመልማል መርፌ ቀርቷል። ከቀዶ ጥገና ተራም ወጥታለች። ቦታዋ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል!»

እልልታው አዳራሹን አናጋው። ሐመልማል ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «መርፌ ቀረ! መርፌ ቀረ!» እያለች ትዘላለች፤ ያ መርፌ ዳሌዋ ላይ ድንጋይ ሆኖ ሦስት ቀን የሚቆይ ነበር። ይርዳው አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው የከፈተው። ቢናገር ቦታዋ በዚያው ደቂቃ ይመለስ ነበር፤ ይህንን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል። ግን ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ጥብጣቡ አንገቱ ላይ ነው፤ ጎረቤት ያለቅሳል፤ እዚያ መሐል ቆሞ «በግ ነው» የሚል ሰው ከየት ይመጣል? በአገራችን ሰው አንበሳን ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ለጭብጨባ ግን እጁን አጣምሮ ይወድቃል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ተቀመጠም።

ቤት እንደገቡ ወደ በረንዳው ሮጠ። አድምጥን ከምክትል ብብት ነቅሎ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ የልጁ ደረት ላይ መለሳት። ጠበቁ።

«ይህ ልብ የሐመልማል አይደለም» አለች አድምጥ። «ይህ ልብ ታሟል። እባክዎ የሐመልማልን ልብ ይመልሱ።»

እንደገና ሞከረ። ያንኑ አለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ከተሞከረ ለፖሊስ እንደምታሳውቅም በትሕትና ጨመረች። ሐመልማል ደረቷን ተመለከተች።

«አባዬ፣ ይቺ ታዲያ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት እንጂ። ማሽን ምን ያውቃል» አለና አድምጥን ለበጉ መለሰለት።

ሰኞ ሄዶ ሊናገር ወሰነ። ንግግሩን ሊፍት ውስጥ ብቻውን ተለማመደ። «ጌታው፣ ልጄ በግ ናት።» አይሆንም። «ጌታው፣ በጉ ነው እንጂ ጤነኛው…» እሱም አይሆንም። ሰኞ ሁለት ሊፍት ቆመበት። ማክሰኞ አቶ ናሆም ስብሰባ ነው ተባለ። ረቡዕ «ለፋሲካ እናቷ ትመጣለች፤ በዓሉን ደስ ብሏት ትዋል፤ ከዚያ በኋላ» አለ። ለነገ የተባለች በግ አታረጅም ይባላል፤ የልጅ ልብ ግን ታረጃለች።

በዚያው ሰሞን ሐመልማልን ጉሮሮዋን አመማት። ትኩሳት መጣ፣ ሄደ። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ።

«ሱዚ ነው» አላት ይርዳው፣ ጉልበቷን በቅባት እያሸ። «መዝለል አበዛሽ።»

ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ክርኗ። በክርን ሱዚ እንደማይዘለል ይርዳው ያን ጊዜ አላሰበም። ኮሪደሩ ላይም አትታይም፤ ማንም ሳያዛት ቁጭ ብላ ነው የምትውለው። አድምጥ ግን በየጠዋቱ መልካም ዜናዋን አላቋረጠችም፤ ይርዳውም በየጠዋቱ አነበበው።

ዘነበች የደረሰችው በጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ፊቷ በበረሃ ፀሐይ ጠቁሯል፤ አቧራ የለበሰ ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ ተንበረከከች።

«ነይ እስቲ፣ ልቤ! ያቺን ልብሽን በትራስ ሳይሆን በጆሮዬ ልስማት።»

ልጅቷን አቀፈችና ጆሮዋን ደረቷ ላይ አደረገች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠፋ። ጆሮዋን አነሣች፣ መልሳ አሳረፈች። ከልጅቷ ደረት የሚመጣው ዱብ ዱብ አልነበረም፤ በተሰነጠቀ መስኮት የሚገባ ነፋስ ነበር።

«ይርዳው።»

«ወዬ።»

«ይቺን ልብ አላውቃትም። እኔ የምሰማት የማን ናት?»

ሐመልማል ናት በጣቷ ወደ በረንዳው ያመለከተችው። «የምክትል ናት፣ እማዬ። አባዬ እኔ እንድጫወት ብሎ ነው። አትቆጪው።»

ዘነበች ወደ በረንዳው ወጣች። በጉ ቀና ብሎ አያት፣ ማመስኳቱን ቀጠለ። ሰብሰብ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ጎኑ ላይ አሳረፈች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ታውቃታለች። እያንዳንዷን ምት ታውቃታለች።

«ሁዳዴን ሙሉ» አለች፣ ጆሮዋን ሳታነሣ፣ «በግ እየሳምኩ ነው የተኛሁት?»

ይርዳው እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሱ ራሱ ጆሮውን የልጁ ደረት ላይ አድርጎ እንደማያውቅ ትዝ አለው። ሊፍት በሦስት ፎቅ ርቀት ሲያቃስት የቱ ብሎን እንደላላ የሚለይ ሰው ነው።

በማግሥቱ ስቅለት ነው፤ ሰው ለስግደት ሲወጣ እነሱ ልጃቸውንና በጋቸውን ይዘው ወደ ሐኪም ቤቱ ሄዱ። በጉን የወሰዱት ያለ እሱ እንደማይታመኑ ስለገባቸው ነው። በሩ ምክትልን ሲያይ አረንጓዴ በራ። «ሐመልማል፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለና ተከፈተ። ልጅቷን «ጠያቂ» ብሎ አስገባት።

ዶክተር ሰብለወንጌል በዚያ ቀን ተረኛ ከነበሩት መካከል ማሽን ያልሆነች ብቸኛዋ ሐኪም ናት። በመጀመሪያ በጉን አየች፣ ቀጥሎ አባትየውን በመልኩ አስታወሰችው፤ ጥብጣቡን እንዳጠለቀ ፎቶው በማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ ተለጥፏል። አልሣቀችም። ሐመልማልን አስተኝታ በአልትራሳውንድ ልቧን ተመለከተች። ስክሪኑ ላይ በሩ ይርገበገባል፤ ደሙ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል።

«ጉሮሮዋን አሟት ነበር?»

«ትንሽ» አለ ይርዳው።

«መገጣጠሚያዋስ? እየዞረ አላበጠም?»

«ሱዚ መስሎኝ…»

ዶክተሯ የያዘችውን አስቀመጠች። «አባቷ፣ ያ መርፌ ለልቧ አልነበረም። ለጉሮሮዋ ዘበኛ ነበር። ቁስሉ በተመለሰ ቁጥር ልቧ ላይ ሌላ ጠባሳ ያወጣል፤ እሱ እንዳይመለስ ነበር የምትወጋው። ልቧ ደህና መታችም አልመታችም መርፌው አይቆምም።»

«እኔ አላቆምኩትም። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ የሰማው በግ ነው።»

ዘነበች ወደ ግድግዳው ዞረች። ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁዳዴ ሲገባ ብትመጣ የራሷን በር ሰፍተን እናድነው ነበር። አሁን ለስፌት የሚሆን አልቀረም። ቆርጠን አውጥተን ብረት ነው የምናስገባው። ትድናለች። ግን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፤ ብትወድቅ፣ ብትጋጭ፣ ደሟ ቶሎ አይቆምም። መዝለል የለም።»

«የኔን ቦታ የወሰደው ልጅ ዳነ?» አለች ሐመልማል ከአልጋው ላይ።

«ድኗል» አለች ዶክተሯ።

«እሺ።»

ሲወጡ ዶክተሯ ይርዳውን በክንዱ ያዘችው። «በጉን እንዳታርደው። በመዝገብ ሐመልማል እሱ ነው። እሱ ሞተ ማለት እሷ ሞተች ማለት ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ መድኃኒት አይታዘዝለትም። ማረሚያ እጠይቅላችኋለሁ።»

ለሐመልማል ብረቱ ገባላት፤ የመዝገቡ ማረሚያም ተጠየቀ። ዓመት ዞሮ ሌላ ፋሲካ ሲመጣም ገና እየታየ ነበር።

የሕንፃው በረንዳዎች በዓሉ ሲያልፍ ባዶ ቀሩ፤ ምክትል ብቻ አለ። ወፍሯል፤ ዘነበች ከበረሃ ያመጣቻትን ትራስ ተንተርሶ ይተኛል። ዘነበች ሥራዋን ትታ ቤት ገብታለች። ይርዳውን የምታናግረው ስለሚያስፈልግ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው አቀብለኝ፣ መብራቱን አጥፋው። ገበታ ላይ ሦስቱም ዝም ሲሉ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ከልጅቷ ደረት የሚመጣ የብረት ድምፅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዐይኑ ግድግዳ ላይ ሰዓት ይፈልጋል።

በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ይርዳው የዕቃ ሳጥኑን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሊፍት ይጠብቃል። ልጆቹ ሱዚ ዘርግተዋል።

«ሐመልማል፣ ነይ ያዢልን!»

ሐመልማል ወጣች። ላስቲኩን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ቀጥ ብላ። ሌላዋ ልጅ መዝለል ጀመረች፤ የቀሩት ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። የሚዘለለው በእሷ ልብ ምት ነው፤ ጢቅ ሲል ወደ ውስጥ፣ ጢቅ ሲል ወደ ውጭ።

«ኧረ ፈጠን አድርጊያት!» አለች ዘላይዋ።

«እኔ ምን ላርግሽ፣ አንቺ ዝግ በይ።»

ዘላይዋ ላስቲኩን ረገጠችና ወጣች። አዲስ የገቡ ጎረቤቶች ልጅ፣ ነገሩን የማታውቅ፣ የሐመልማልን ቦታ ልትቀበላት መጣች። «በቃ አንቺ ነሽ። ዝለዪ፣ ተራሽ ደርሷል።»

ሐመልማል ወደ አባቷ አየች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«እኔ ያዥ ነኝ» አለች።

የይርዳው ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። ሳያየውም ያውቀዋል፤ ሐመልማል ዛሬም እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናት። ሊፍቱ መጣ። በሩ ተከፈተ፣ ጠበቀው፤ ይርዳው ግን አልገባም። ከዚያ በሩ ተመልሶ ግጥም ብሎ ተዘጋ። ባለፈው ሳምንት ገርበብ ማለት ጀምሮ ነበር፤ በጊዜው ደርሶ ያስተካከለው ይርዳው ነው።